ብዕርና ቀለም፦ ጠያቂዎቻችን ከደሴና ከኮምቦልቻ

ቀለም እየተሞላ ስለሚጽፍ ብዕር የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ እትም አንድ ላይ መልሰናል። ኒብ የምንለው የሚጽፈውን የብረት ጫፍ ነው። መጋቢ ደግሞ ከኒቡ ሥር ተለጥፎ ቀለም የሚያወርደው ባለ ክፍተት ፕላስቲክ ነው። ቀለሙ የሚጠራቀምበትን ጎማም ሆነ ተጠምዛዥ ቱቦ መሙያ ብለነዋል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ እየኖርኩ ደሴ ነው የማስተምረው። ጠዋት ሚኒባስ ስሳፈር ደህና የነበረው ብዕሬ ደሴ ደርሼ ስከፍተው ክዳኑ በቀለም ተጨማልቆ አገኘዋለሁ። ማታ ወደ ቤት ስወርድ ግን አንድም ቀን አፍስሶ አያውቅም። ብዕሩ ተበላሽቶ ይሆን?
(መምህር፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ መምህር፣ ብዕርዎ ደህና ነው፤ ጥፋቱ የዳገቱ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ 650 ሜትር ይወጣሉ። ከፍ ባሉ ቁጥር የውጭው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ መሙያው ውስጥ የታፈነው አየር ይሰፋል፤ በዚህ ጉዞ 8 በመቶ ያህል። መሙያው 1 ሚሊ ሊትር የሚይዝና ግማሹ ተጽፎ ያለቀ ከሆነ፣ 0.5 ሚሊ ሊትሩ አየር 0.04 ሚሊ ሊትር ቀለም ገፍቶ ያወጣል። አንድ ጠብታ ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው። መጋቢው ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ክፍተቶች ትርፍ ቀለም እንዲይዙ የተሠሩ ናቸው፤ ብዕሩ ቦርሳ ውስጥ ተጋድሞ ወይም ተዘቅዝቆ በጠመዝማዛው መንገድ ሲናጥ ግን ይሞሉና የተረፈው ወደ ክዳኑ ይወርዳል።

ሲወጡ ኒቡ ወደ ላይ እንዲሆን አድርገው ይያዙት። ያኔ ቀለሙ ወደ ታች ይወርድና አየሩ ከኒቡ በኩል ይቀመጣል፤ ሲሰፋም አየር ብቻ ይወጣል። ከዚህ የሚሻለው ደግሞ ጠዋት ከመውጣትዎ በፊት መሙያውን ጢም አድርጎ መሙላት ነው፤ አየር ከሌለ የሚሰፋ ነገር የለም። ግማሽ የሆነ ብዕር ከሙሉውም ከባዶውም ይከፋል። የደረት ኪስን ባይጠቀሙ ይመረጣል፤ ከ15 ወደ 30 ዲግሪ የሞቀ አየር በሙቀቱ ብቻ 5 በመቶ ይሰፋል፣ ከዳገቱ ጋር ሲደመር ሸሚዝ ያበላሻል። ደሴ ሲደርሱ ኒቡ ወደ ላይ እንዳለ ክዳኑን ከፍተው የክዳኑን ውስጥና ኒቡን በሶፍት ጠረግ ያድርጉ።

ማታ የማያፈሰው ነገሩ ስለሚገለበጥ ነው። ሲወርዱ ግፊቱ ይጨምራል፣ አየሩ ይኮማተራል፣ መጋቢው ላይ ያለው ቀለም ወደ ውስጥ ይሳባል። ቤት ገብተው የመጀመሪያው መስመር ቢደርቅብዎ ምክንያቱ ይኸው ነው። አውሮፕላን የሚፈሩ አንባቢዎችም አሉ፦ የመንገደኞች ክፍል ግፊት ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ እንዳይሆን ተደርጎ ስለሚጠበቅ ከኮምቦልቻ ተሳፍሮ መብረር ከዚያ ሚኒባስ አይብስም።

ኒቡ ወደ ላይ ሆኖም ካፈሰሰ ነገሩ ሌላ ነው። ብዕሩን አጥበው ውሃ ብቻ ይሙሉትና ሶፍት ላይ አጋድመው ያሳድሩት። ጠዋት እርጥቡ በመሙያውና በመጋቢው መገናኛ በኩል ከሆነ መሙያው አልተገጠመም ወይም ተሰንጥቋል።

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኩት ሄሮ ብዕር ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ቀለም ብሞላውም አይጽፍም። እንዴት ላንቃው?
(ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ ሄሮ 616 ከሆነ ቅርጹ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1941 ገበያ ላይ ከዋለው ፓርከር 51 ነው፤ ኒቡ ከሞላ ጎደል በፕላስቲክ ተሸፍኖ ጫፉ ብቻ ይታያል። ይህ ሽፋን ቀለሙ ቶሎ እንዳይደርቅ ይረዳል፤ አንዴ ከደረቀ ግን እጥበቱን ያረዝመዋል። ኒቡን በፒንሳ አይጎትቱ።

አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ያዘጋጁ። የኋላውን አካል ፈትተው ብዕሩን እስከ አንገቱ ይንከሩትና የብረት ሽፋን ያለውን ጎማ በቀስታ 10 ጊዜ ያህል እየተጫኑ ይልቀቁ። ውሃው ሲጠቁር ይቀይሩ። ከሦስተኛው ቅየራ በኋላም ቀለም ካልተወ ኒቡን ውሃ ውስጥ እንዳለ ያሳድሩት። በማግስቱ በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ጠብታ ላርጎ ጨምረው ይድገሙት፤ ከአንድ ጠብታ በላይ አያድርጉ፣ ሳሙናው ከቀረ ቀለሙ ወረቀት ላይ ይበተናል። ከዚያ አረፋው እስኪጠፋ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። ጀበናችሁና ማንቆርቆሪያችሁ ነጭ ቅርፊት የሚያበጅ ከሆነ የመጨረሻውን እጥበት በባትሪ ውሃ ማድረግ ይበጃል፤ ጋራዥ አካባቢ የሚሸጠው የተጣራው ውሃ ነው የምንለው። አሲዱም በተመሳሳይ ጠርሙስ ሊሸጥ ስለሚችል ጽሑፉን ሳያነቡ አይግዙ።

የፈላ ውሃ ፕላስቲኩን ያጣምማል። በረኪና ብረቱን ይበላል፣ ጎማውንም ያደርቃል። አሴቶንና አልኮል ሰውነቱን ያቀልጣሉ ወይም ይሰነጥቃሉ።

ጎማው ደህና መሆኑን የሚያውቁት በውሃ ነው፦ ኒቡን ነክረው ሲጫኑ አረፋ ከወጣ፣ ሲለቁት ደግሞ ውሃ ከሳበ ይሠራል። አረፋ ወጥቶ ውሃ ካልገባ ተሰንጥቋል። ሲሞሉት አንዴ ብቻ ተጭነው አይተዉት፤ 4 ወይም 5 ጊዜ ይጫኑ፣ በየመሀሉ ጎማው ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ 5 ሰከንድ ይታገሡ። ብዙ ሰው ብዕሬ ቀለም አይዝም የሚለው ይህን ሳይታገሥ ነው።

ጥያቄ፦ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። እንግሊዝኛ እያያያዝኩ ስጽፍ ብዕሬ ጥሩ ይጽፋል። አማርኛ ስጽፍ ግን የብዙ ፊደል መነሻ ባዶ ይቀራል፤ «ለ» ጽፌ አንድ እግሯ ይጎድላል። ብዕር አማርኛ አይችልም ልበል?
(ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ አብሽሪ፣ ይችላል። እያያያዙ ሲጻፍ ብዕሩ ወረቀቱን ሳይለቅ ብዙ ፊደል ይሄዳል፤ አንዴ የጀመረው ቀለም ይከተላል። በፊደላችን ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል፣ «ሐ» እና «ጠ» ላይ ደግሞ እጅ ሁለት ሦስቴ ይነሳል። ስለዚህ አማርኛ የሚጽፍ ብዕር ከሁሉም በላይ በመጀመሪያው ንክኪ መጻፍ አለበት። ይህ ጉድለት ሌላው ጽሕፈት ላይ ተደብቆ ይኖራል፤ አማርኛ ያጋልጠዋል።

መጀመሪያ ከላይ እንዳልነው እጠቢው፤ ግማሹ ችግር እዚያው ያልቃል። ቀጥሎ ወረቀቱን ጠርጥሪ። ምግብ የነካ ወይም ቅባት የተቀባ እጅ ያረፈበት ገጽ ቀለም አይቀበልም። ከእጅሽ በታች ሌላ ወረቀት አንጥፈሽ ሞክሪ፤ ከገጹ ግርጌ ብቻ የሚዘልል ከሆነ ጥፋተኛው የእጅሽ ቅባት ነው። አያያዝሽንም እዪ፦ ኒቡ መሀሉ ላይ ባለው ስንጥቅ ለሁለት ጥርስ ይከፈላል፤ ወደ ጎን ከዞረ ከሁለቱ ጥርሶች አንዱ ብቻ ወረቀት ይነካል፣ ስንጥቁ አየር ላይ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ 10 እጥፍ የሚያሳድግ ማጉያ መነጽር ፈልጊና ኒቡን ፊት ለፊት በብርሃን ተመልከቺው። ሁለቱ ጥርሶች ጫፍ ላይ እኩል መቆም አለባቸው። አንዱ ከፍ ብሎ ከታየ እሱን በአውራ ጣት ጥፍርሽ ለ2 ሰከንድ ወደ ታች ጫን አድርገሽ ልቀቂ፣ እንደገና እዪ። በአንድ ጊዜ ለማስተካከል አትቸኩዪ፤ የታጠፈ ኒብ መመለስ ይከብዳል። ቀለሙ በጠቅላላው የሚሰስት ከሆነ ስንጥቁ ጠቧል፤ 0.05 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የናስ ቅጠል አሳልፈሽ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች መሳብ ይበቃዋል። ምላጭ አታስገቢ። ውፍረቱ እጥፍ ነው፣ ስለቱም የስንጥቁን ግድግዳ ይፍቀዋል።

ጥርሶቹ እኩል ሆነው አሁንም ከዘለለ፣ ያንቺን የሚመስል ችግር ላይ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ይህን ነው፦ ፋብሪካው ሲያለሰልሰው የስንጥቁ ሁለት አፎች ከልክ በላይ ተሸርሽረው ወደ ውስጥ ዞረዋል። ቀለሙ ስንጥቁ ድረስ ይመጣል፤ ወረቀቱን ግን የሚነካው ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ያለው ደረቅ ብረት ነው። ምልክቱም ጫን ሲሉት መጻፉ፣ ሲለቁት መዝለሉ ነው። መድኃኒቱ 12,000 ቁጥር ያለው ማለስለሻ ጨርቅ ነው። ኒቡ ቀለም ይዞ፣ በራሱ ክብደት ብቻ፣ 8 ቁጥርን 5 ጊዜ ጻፊበትና ወረቀት ላይ ሞክሪ። ካልሆነ 5 ጊዜ ድገሚ። የአናጢ ብርጭቆ ወረቀት ግን አይሆንም፤ ጫፉ ላይ የተበየደችው ጠንካራ ብረት ጤፍ አታክልም፣ አንዴ ካለቀች አትተካም።

ጥያቄ፦ ደሴ ፍርድ ቤት አካባቢ ራፖር እጽፋለሁ። ውልና ማመልከቻ በምን ቀለም ብጽፍ ነው ውሃና ፀሐይ የማይነካው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ በጠርሙስ የሚሸጠው ተራ ሰማያዊ ቀለም ውሃ ውስጥ የሟሟ ማቅለሚያ ነው። በተለይ «የሚታጠብ» ተብሎ የተጻፈበት ከልጆች ልብስ ላይ እንዲለቅ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ውል አይጻፍበትም፤ አንድ የዝናብ ጠብታ ስም ያጠፋል።

ለሰነድ የሚሆኑት ሁለት ናቸው። አንዱ ከታኒንና ከብረት ጨው የሚሠራው ነው፤ የፔሊካን 4001 ሰማያዊ ጥቁር ከዚህ ወገን ነው። ሲጽፉበት ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ሆኖ አየር ሲያገኘው በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይጠቁራል፣ ወረቀቱም ውስጥ ይሰርጋል። አሲድነት አለው፤ ከማይዝግ ብረት ያልተሠራ ርካሽ ኒብ ይበላል፣ ብዕር ውስጥ ደርቆ ከቀረም ይደፍናል። በየሁለት ሳምንቱ ማጠብና ከሌላ ቀለም ጋር ፈጽሞ አለመቀላቀል ነው። ሁለተኛው ደቃቅ የጥቁር ካርቦን ቅንጣት ያለው፣ ለብዕር ተብሎ የተሠራ ቀለም ነው፤ እንደ ፕላቲነም ካርቦን ያለ። ፀሐይም ውሃም አያስለቅቀውም። በየቀኑ ለሚጽፍ ሰው ይኸኛው ይሻላል፤ አልፎ አልፎ ለሚጽፍ ግን አንመክርም፣ ሥራ ፈቶ ከዋለ ይጋገራል።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ብቻ አይመኑ። ማመልከቻ በሚጽፉበት ወረቀት 4 መስመር ጽፈው 24 ሰዓት ያድርቁትና በ4 ይቁረጡት። አንዱን 10 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ይንከሩ፣ አንዱን በእርጥብ ጣት ይሹ፣ አንዱን ግማሹን በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍነው ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ለአንድ ወር ይለጥፉ። አራተኛው ለማነጻጸሪያ ደብተር ውስጥ ይቀመጥ። ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ሰማያዊ ብቻ ይል እንደሆነም አስቀድመው ይጠይቁ።

በካርቦን ወረቀት ሦስት ቅጂ የሚያወጡ ከሆነ ግን ብዕሩን ያስቀምጡና እስክሪብቶ ያንሱ። ኮፒው የሚወጣው በጫና ነው፤ ያ ጫና ኒቡን ይከፍተዋል።

ጥያቄ፦ የማኅተም ቀለም ወይም የፕሪንተር ቀለም ብዕር ውስጥ ቢገባስ?
(ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይግባ። የማኅተም ቀለም ፓዱ ላይ እንዳይደርቅ ግሊሰሪን ወይም መሰል ነገር ስላለው ወረቀት ላይም አይደርቅም። የፕሪንተር ቀለም የተሠራው ለፕሪንተር ጭንቅላት ነው፤ ብዕር ውስጥ ወይ ይፈስሳል ወይ ይደፍናል። የሥዕል ቻይና ቀለምም ከነሼላኩ (ሲደርቅ ከሚጠነክረው ሙጫ መሰል ነገር ጋር) ደርቆ ከቀረ ውሃ አያወጣውም።

ጥያቄ፦ አባቴ ለብራና የሚሆን ጥቁር ቀለም በእጁ ያዘጋጃል። ቁም ጽሕፈት መለማመድ እፈልጋለሁ፤ የእሱን ቀለም ብዕሬ ውስጥ ብጨምረውስ?
(ከሐይቅ)

መልስ፦ የአባትህን ቀለም እንወደዋለን፤ ብዕርህ ውስጥ ግን እንዳታስገባው። ያ ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከሙጫ ተቀምሞ ለወራት የሚሰነብት ነው። ጥላሸቱ አይሟሟም፣ ተንሳፍፎ ነው የሚኖረው፤ ሙጫው ደግሞ ብራናው ላይ ያጣብቀዋል። አይደበዝዝም የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ካርቦን ብርሃን አይለውጠውም። መጋቢው ውስጥ ያሉት ጠባብ መስመሮች ግን ከፀጉር ብዙም አይወፍሩም፤ ቅንጣቱ ይዘቅጣል፣ ሙጫው ይደርቃል፣ ያ ብዕር አለቀለት። ለቁርኣን ቤት ሉህ በጥላሸትና በሙጫ የሚሠራው ቀለምም ያው ነው።

ለእሱ ቀለም የተፈጠረው መቃ ብዕር ነው። ደረቅ ሸምበቆ በስለታም ቢላ ሰያፍ አድርገህ ቁረጥ፣ ውስጡን ፍቀህ አሳሳ፣ ጫፉን ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር መሀል ለመሀል ሰንጥቅ፣ በመጨረሻ ጫፉን ጠንካራ እንጨት ላይ አስደግፈህ በአንድ ምት ቀጥ አድርገህ ቁረጠው። ያልደረቀ ሸምበቆ ስንጥቁ ይዘጋል፤ በጣም የሰነጠቁት ደግሞ ሲጫኑት ይከፈትና ቀለም ይተፋል።

በብዕር ለመለማመድ ከፈለግህ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ 1.1 ሚሊ ሜትር ኒብ ግዛ። ቁም ጽሕፈት ላይ ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ነው። ይህን የሚሰጥህ የኒቡን ጠፍጣፋ ጠርዝ ከመስመሩ ጋር ትይዩ አድርጎ መያዝ ነው፤ ለላቲን ፊደል በሚያስተምሩት መሠረት ወደ 45 ዲግሪ ካዞርከው ቋሚውም አግዳሚውም እኩል ይወፍራል፣ መልኩ ይጠፋል። ቁመቱን ከኒቡ ስፋት 5 እስከ 7 እጥፍ አድርግ፤ ለ1.1 ኒብ ከ5.5 እስከ 7.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከዚያ ካሳጠርከው የ«ሃ» እና የ«ቀ» ሆድ፣ የ«ሌ» ቀለበት በቀለም ይደፈናሉ። ለዕለት ጽሕፈት ከፈለግህ ደግሞ መስመሩ 0.4 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀጭን ኒብ ያዝ።

ጥያቄ፦ ከደጃፋችን ጦሳ ተራራ ይታያል። በአንድ ብዕርና በአንድ ጠርሙስ ጥቁር ቀለም ብቻ ከነጉሙ መሣል ይቻላል?
(ከደሴ፣ ሙጋድ)

መልስ፦ ይቻላል፤ እንዲያውም ለጦሳ ከዚህ የተሻለ ዕቃ አናውቅም። መጀመሪያ ቀለምሽን እወቂው። ሶፍት አርጥበሽ ዳር ላይ አንድ ጠብታ ጣዪና 5 ደቂቃ ጠብቂ። ብዙው ጥቁር ጥቁር አይደለም፦ ጠብታው ሲሰፋ ከጠርዙ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ ወይም ቡናማ ቀለበት ይወጣል። ሥዕሉን በውሃ ስትነኪው ጥላው የሚይዘው ያንን መልክ ነው። ሰማያዊ የሚያወጣው ለጠዋት ተራራ ይስማማል፣ ቡናማው ለበጋ ሣር። ምንም ካልሰፋ ውሃ የማይነካው ዓይነት ነው፣ በዚህ መንገድ አይሠራም።

ወረቀቱ በካሬ ሜትር 200 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ የፎቶኮፒ ወረቀት 80 ግራም ስለሆነ ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል። በሳህን ላይ ሦስት ጉድጓድ አዘጋጂ፦ 1 ጠብታ ቀለም በ20 ጠብታ ውሃ፣ 1 በ8፣ ሦስተኛው ያልተበረዘ። ከሩቁ ጀምሪ። የተራራውን ጫፍ በጣም በቀጠነው በብሩሽ ሳቢው። ጉሙ ያለበትን ወገብ አስቀድመሽ በንጹሕ ውሃ አርጥቢና ከላይ የመጣው ቀለም ወደ እርጥቡ ገብቶ በራሱ እንዲጠፋ ተዪው፤ በብሩሽ አትከታተዪው፣ ጉም የተነካካ ቀን ጭቃ ይሆናል። ከጉሙ በታች ያሉትን ባሕር ዛፎች በሁለተኛው፣ የቅርቡን የቆርቆሮ ጣሪያ ደግሞ በመጨረሻ ላይ ባልተበረዘው ቀለም በብዕር ሥሪ።

ብዙ ሰው የሚስተው ቅደም ተከተሉን ነው። በሚሟሟ ቀለም መስመሩን መጀመሪያ ሠርተሽ ውሃ ብታስከትዪ መስመሩ ሁሉ ይፈስሳል። የጣሪያውን አንድ ጎን ጥላ ስትፈልጊ ግን ሆን ብለሽ ልትጠቀሚበት ትችያለሽ፦ መስመሩን አስምሪ፣ እርጥብ ብሩሽ በአንድ ጎኑ ብቻ አሳልፊ፣ ሌላው ጎን ስለት እንደያዘ ይቀራል። እያንዳንዱ ንብርብር ይድረቅ፤ ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ 5 ደቂቃ የሚበቃው ደሴ በክረምት ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። በእጅ ጀርባ ሲነካ የሚቀዘቅዝ ወረቀት ገና አልደረቀም።

አጫጭር ጥያቄዎች

ባለ 50 ሉክ ደብተሬ ላይ ቀለም ጠጉር ያወጣል፣ ወደ ጀርባም ያልፋል። ወረቀቱ ሙጫ አንሶታል፣ ብዕሩን አትቀይር። ቀጭን ኒብ ያዝ፣ በአንድ ገጽ ብቻ ጻፍ። ሌላ ደብተር ስትገዛ የመጨረሻው ቅጠል ላይ ነጥብ አድርገህ 3 ሰከንድ አቆይና ጀርባውን እይ።

ብዕር በስንት ጊዜ ይታጠባል? ተራ ቀለም ከሆነ በወር አንዴ፣ ቀለም ሲቀየር ሁልጊዜ። ከሁለት ሳምንት በላይ የማይነካ ከሆነ ባዶ አድርጎ አጥቦ ማስቀመጥ ነው።

ሁለት ቀለም ልቀላቅል? 1 ሚሊ ሊትር ከ1 ሚሊ ሊትር በትንሽ ብልቃጥ ቀላቅለሽ 24 ሰዓት አቆዪው። ዝቃጭ ወይም ልጋግ ካየሽ ድፊው፤ ብዕር ውስጥ አታስገቢ።

ግራኝ ነኝ፣ የጻፍኩትን በእጄ እጠርገዋለሁ። ወረቀቱን በሰዓት አቅጣጫ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አዙረው፣ እጅህም ከመስመሩ በታች ይሁን። ጠፍጣፋ ኒብ አትግዛ፤ ስትገፋው ወረቀት ይቧጥጣል።